የአባባ ሰይድ በሶ ኩዋላ ላምፑር ደርሶ

ከማሌዥያ ከተመለስኩ ወዲህ የገበያው ሰው ሱቄ የሚገባው መጋረጃ ሊያስለካ ሳይሆን ወሬ ሊሰማ ነው። «እስቲ አውሪን፣ እኛ እንደሆነ አንሄድ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ወሬ የምጠላ ሴት አይደለሁም፤ ሞጆ ደርሼ ብመለስ እንኳ ግማሽ ቀን አወራለሁ። የዚህን ጉዞ ግን ሙቀቱን እናገርና፣ ፎቁን እናገርና፣ እዚያ ላይ አፌ ይተሳሰራል። ሰው ድካም ይመስለዋል። ድካም አይደለም፣ እፍረት ነው። በአፌ እምቢ ያለኝን እስቲ ልጻፈው፣ ቀን በቀን፣ እንደሆነው።

እሁድ

መጀመሪያ ዘሀራን ላስተዋውቃችሁ። አዳማ ገበያ ውስጥ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ እኔ መጋረጃ፣ እሷ ፍራሽና ትራስ እንሸጣለን። መጋረጃ የገዛውን ወደ እሷ እልካለሁ፣ ፍራሽ የገዛውን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ እሷ ሰላቷን የማታዛንፍ ሙስሊም። በሁዳዴ ሽሮዬን አብራኝ ትበላለች፤ በረመዳን ሳምቡሳዋን ከእሷ እኩል ነው የምጠብቀው።

አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል «የልጆቼን ሻማ ሳበራ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ የራሴን እፍ ልበል» አለችኝ። እኛ ጋ በዚህ ዕድሜ ልደት አከብራለሁ የሚል ሰው ጤናውን ይጠየቃል። እሷ ግን ቆርጣ ተነሳች። ቻይና ብንሄድ ምን እንበላለን ብላ ፈራች፤ ኩዋላ ላምፑር ግን አዛን ይሰማል፣ ምግቡ ሐላል ነው፣ ፎቁ ደግሞ ሰማይ ነክቷል ብላ አሳመነችኝ። እኔን ለማሳመን ብዙም አልደከመች።

የምንነሳ ዕለት ጠዋት አባቷ ከአቦምሳ መጡ። አባባ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ ወደ አርሲ ወርደው ሽንኩርት ሲያለሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ልደት የሚባለው ነገር አይገባቸውም፤ ልጃቸው የተወለደችበትን ቀን ግን አይረሱም፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን ደውለው ይመርቋታል። መናኸሪያ ስንቀበላቸው አንድ ከረጢት በሶ ታቅፈው ከሚኒባሱ ወረዱ። ገብሱን ራሳቸው ናቸው አስቆልተው ያስፈጩት። ሰው አገር ሆድ ይባባል፣ በጥብጣችሁ ጠጡ አሉን። ልደቷ ሐሙስ ነውና ዘሀራ እዚያው መርቀኝ ብትላቸው፣ «የሐሙሱን ሐሙስ እመርቅሻለሁ፣ አሁን የመንገዱን» ብለው ሁለታችንንም የመንገዱን መረቁን።

ላብ አጥልቋቸው ነበር። ደከመዎት እንዴ ብላቸው መንገዱ ነው አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። ዘሀራ ባጃጅ ልትጠራ ዘወር ስትል እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር አሉኝ።

«ትግስት፣ አደራሽን። ከነሳቋ መልሺልኝ።»

እሺ አባባ አልኩ። እንዲህ ያለውን አደራ ሰው ሳያስብ ነው የሚቀበለው። ከዚያ በፍጥነት ወደ ቦሌ ጉዞ ጀመርን።

ሰኞ

ዱባይ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ገና ከኤርፖርቱ ሳንወጣ በሶው አስያዘን። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከረጢቱን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛውም አሸተተ። ቡናማ ዱቄት፣ ያውም በላስቲክ የተቋጠረ! የእኔ እንግሊዝኛ መጋረጃ ለመሸጥ እንጂ በሶ ለማስረዳት አይበቃም። ዘሀራ ቢቸግራት እፍኝ ሙሉ ዘግና ደረቁን አፏ ውስጥ ጨመረችው። በሶ ደረቁን የሞከረ ሰው የሚደርስበትን ያውቃል፤ ትን አላት፣ አስነጠሳት፣ የልጁ ዩኒፎርም ላይ ሁሉ በሶ ሆነ። ልጁ ሳቅ እያፈነው የራሱን ውሃ ሰጣትና ሂዱ አለን።

ስለ ሙቀቱ ላውራ። እኛ የአዳማ ሰዎች በሙቀት የሚቀድመን ያለ አይመስለንም። የእኛ ሙቀት ግን አቧራና ንፋስ ያለው ደረቅ ሙቀት ነው፤ የእነሱ ልክ የፈላ ድስት ክዳን እንደተከፈተ ፊት ላይ ይጋረፋል። ከሰዓት ሲሆን ደግሞ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከዝናቡ በኋላም ይሞቃል።

ያረፍነው ሆቴል አይደለም፤ ማቺክ ሮስና የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴትዮ ቤት ነው። «ማቺክ» በእነሱ አክስቴ እንደማለት ነው። ሰፈሩ የእንጨት ቤቶች፣ የሙዝ ተክል፣ የሚንጎራደዱ ዶሮዎች ያሉበት ነው፤ ቀና ሲሉ ግን ሁለቱ መንትያ ፎቆች አናት ላይ ቆመዋል። ቡልቡላን የመሰለች ትንሽ ከተማ መሀል ቆሞ ቀና ሲሉ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ማየት ማለት ነው። በር ላይ ጫማ ይወለቃል፣ ሩዙ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ በሙዝ ቅጠል ይመጣል፣ የሚበላውም በቀኝ እጅ ነው። ዘሀራ እጇን ታጥባ ስትቀርብ «ቲጂዬ፣ አገራችን ገባን» አለችኝ። ማቺክ እንግሊዝኛቸው ከእኔም ይብሳል፤ በስልካቸው ማስተርጎሚያ እያናገሩ ሲያበሉን አመሹ።

ከበላን በኋላ በባቡር ከተማውን ልናይ ወጣን። መውረጃችን ሲደርስ እኔ ሆዬ ልማድ ሆኖብኝ ጮክ ብዬ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ባቡሩ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ዘሀራ ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። የዚያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እንዴት ያለ ጣፋጭ እፍረት ነበር።

ማክሰኞ

አርፍደን ተነሳን። ዘሀራ ሻወር ውስጥ ሳለች ስልኬ ጠራ፤ ታናሽ ወንድሟ ጀማል ነው። አዳማ ገና መንጋቱ ነበር። ድምፁን ስሰማ ገባኝ።

አባባ ሰይድ አቦምሳ ቤታቸው ለሱብሂ ሰላት ሊነሱ ሲሉ ወድቀው አልተነሱም። ቀብሩ ከቀትሩ ሰላት፣ ከዙህር በኋላ ነው። እኛ ብንበርም አንደርስም። ጀማል እያለቀሰ የነገረኝን ሁሉ አሁን መድገም አልችልም፣ ይሄ ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፦ «እንዳትነግሪያት። ሰው አገር፣ አልቃሽ በሌለበት ብቻዋን ልትሆን ነው። በቀጠሯችሁ ተመለሱ፣ እዚሁ ዘመድ ባለበት እናረዳታለን።»

እኛ ጋ ወጉ እንዲህ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገብ ተቀምጦ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። እኔም የእናቴን መርዶ የሰማሁት እንዲሁ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩት። ግን እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ እሺ ስል ከወጉ ሌላ አንድ ነገር ውስጤ ነበር፤ ጉዞው አለመቅረቱ። ገና ፎቆቹን ሥራቸው ቆመን አላየንም ነበር። ይህንን ሐሳብ ራሴ ውስጥ ሳገኘው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የመጀመሪያውን ውሸት ከሻወር ሳትወጣ ጀመርኩ። ዘመድ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ማልቀሱ ስለማይቀር ስልኳን ከዋይፋዩ አላቀቅሁትና፣ የቤቱ ዋይፋይ የሚሠራው ለአንድ ስልክ ብቻ ነው አልኳት። ዘሀራ የስልክ ነገር ለእኔ ነው የምትተወው። «በቃ ካንቺ እደውላለሁ» ብላ ፀጉሯን ማድረቅ ቀጠለች። በእኔ ስልክ የአባቷ ቁጥር እምቢ ሲላት ለጀማል ደወለች፤ እሱም አባባ እርሻው ጋ ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም አላት። የአቦምሳ ኔትወርክ ሲጠፋ አዲስ ነገር ስላልሆነ አመነችው።

ወደ ማታ ፎቆቹ ሥር ሄድን። መብራቱ ሲበራ ያምራል፣ ከዚህ በላይ ስለፎቆቹ አልጠየቅ። ዘሀራ አዲስ ቢጫ ሻርፕ አድርጋ እጇን ዘርግታ ቆመችና ፎቶ አንሺኝ አለች። ፊቷ ኮስተር አለብኝ። የጠረጠረች መሰለኝና ደነገጥኩ፤ ስለዚህ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ከት ብላ ስትስቅ አነሳኋት። በዚያ ሰዓት አቦምሳ ገና ቀትር ማለፉ ነበር። ሰዓቱን በልቤ እቆጥር ስለነበር ምን እየተደረገ እንደሆነ አውቃለሁ።

ረቡዕ

ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሻ አለ፣ ደረጃው በየቀለሙ የተቀባ፤ የሂንዱዎች መቅደስ ነው። ደረጃውን ጦጣ ሞልቶታል። የሶደሬን ጦጣ ያየ ሰው አይደነቅም፤ አመላቸው አንድ ነው፣ እንዲያውም የእነሱ ጦጣ ከሶደሬው ይልቅ ሰው ይንቃል። ዘሀራ ለምሳ ብላ በሶውን ከነላስቲኩ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ነበር። አንዱ ትልቅ ጦጣ ከኋላ መጥቶ ላስቲኩን መዞ ወሰደው፣ የደረጃው መደገፊያ ላይ ተቀምጦ በጥርሱ ቀደደው፣ ሲተነፍስበት በሶው ቦነነና ፊቱ ላይ ተለጠፈ። ግራ ተጋብቶ እያስነጠሰ ዓይኑን ያሻል። ዘሀራ «ይሄንን ለአባባ ካልነገርኩት ምን ዋጋ አለው!» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። አስመስዬ ቢሆን ባልጻፍኩት። ከልቤ፣ እንባ እስኪወጣኝ ነው የሳቅሁት፤ አባባ ሰይድ መሞታቸው ጨርሶ ጠፍቶኝ። ትዝ ሲለኝ ሳቁ አፌ ላይ ነበር። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ አልኩና ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ። የተረፈውን በሶ ከደረጃው ላይ በእጄ እየጠረግሁ ስሰበስብ ቆሻሻ ነው ተይው አለችኝ። አልተውኩትም። በመሐረብ ቋጠርኩት።

ሐሙስ

የልደቷ ቀን። ከእንቅልፏ እንደነቃች ስልኬን ተቀበለችኝ። ጀማል አነሳ፣ ያንኑ የእርሻና የኔትወርክ ወሬ ደገመላት። ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ ልደቴን ሳይመርቀኝ ቀርቶ አያውቅም» አለች። «ጀማል ድምፁ ልክ አይደለም። ቲጂ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ምንም የለም አልኳት።

«ማርያምን በይ።»

ዘሀራ ይህን ቃል ከእኔ በአሥራ ምናምን ዓመት ጎረቤትነት ሁለቴ ሰምታው አታውቅም። በእመቤቴ ስም በዋዛ እንደማልምል ታውቃለች፤ ለዚያ ነው የጠየቀችኝ።

«ማርያምን፣ ደህና ነው» አልኩ።

ፊቷ በአንዴ ተፈታ። «እንግዲያው በቃኝ» ብላ ለሰላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ ተነሳች። እኔ ከክፍሉ ወጥቼ ማቺክ ሮስና ማድቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸውና ዘፍ ብዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በስልካቸው ማስተርጎሚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገቴን አቅፈው አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ ግን እጃቸውን አድርቀው ጥያቄ ጻፉልኝ። ማስተርጎሚያው በቀዝቃዛ ድምፁ እንዲህ ብሎ አነበበልኝ፦ «ልጅ ለአባቷ የምታደርገው ዱዓ ይደርሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ከለከላችሁት?»

እኛ የምናስበው ስለቀሪው ነው፤ እንዴት ይችለዋል፣ ማን ይደግፈዋል እያልን። እሳቸው ጋ መጀመሪያ የሚታሰበው የሄደው ነው። ወጋችንን ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ በቤተሰቡ ነገር ገብተው እንዳይነግሯትም ለመንኳቸው። ብዙ አሰቡና አልነግርም አሉኝ፤ የአባቷን ስም ብቻ ንገሪኝ አሉኝ። ሰይድ አልኳቸው።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ቤቱ በሰፈሩ ሴቶች ሞላ። እያንዳንዷ ሰሃን ይዛ ነው የመጣች። ለዘሀራ የልደትሽ ዱዓ ነው አሏት፤ እዚያ አገር ለልደትም ዱዓ ይደረጋል፣ ስለዚህ ምንም አልተጠራጠረችም። ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ያሲን የተባለውን የቁርኣን ምዕራፍ በዜማ ቀሩ። ዘሀራም ከልጅነቷ የምታውቀው ስለሆነ ዓይኗን ጨፍና አብራቸው ቀራች። ማቺክ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከማላውቀው ቋንቋ መሀል «ሰይድ» የሚለውን ስም ሰማሁ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግመው። ዘሀራ ፊቷ እየበራ «አሚን» አለች። ሁሉም አሚን አሉ። ከዚያ ሩዝ ተበላ፣ እኔ ያዘዝኩት ቶርታም መጣ፣ ሻማዋንም እፍ አለች።

ልንተኛ ስንል «አባባን ማን ነገራቸው?» አለችኝ። ለእሳቸውም ዱዓ እንዲያደርጉ እኔ ነኝ የነገርኳቸው አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። «ገለቶሚ» አለችኝ፣ በልጅነቷ አፍ፤ አቦምሳ የኦሮምኛውን ምስጋና ነው የሚያስቀድሙት። «ስልኩ ቢቀር እንኳ ዱዓው አልቀረብንም» አለች። ያቺን ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያደርኩት።

አርብ

የመጨረሻው ቀን ለገበያ ነበር። ገበያ እወዳለሁ፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን የጨርቁን ነገር ብቻ አንድ ገጽ በጻፍኩላችሁ። ዘሀራ ወንዶቹ የሚያደርጉትን ጥቁር የከፋይ ቆብ አየችና ለአባባ ካልገዛሁ አለች። ልኩን ስላላወቀች «ያንቺ ራስ ከአባባ ራስ ጋር እኩል ነው፣ ነይ» ብላ እኔ አናት ላይ አድርጋ ለካችው። ዞር በይ አለችኝ፣ ዞርኩ። ቆንጆ ነው አለች። ሻጩ መስታወት ይዞ ቆመልኝ፤ እኔ መስታወቱን አላየሁትም።

ስንሰናበት ማቺክ ሮስና የተረፈውን በሶ በመሐረቡ እንደተቋጠረ አየት አድርገው በንጹሕ ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው ሰጡኝ።

ቅዳሜ

ቦሌ ስንወጣ ጀማል ቆሟል። ከጀማል ጋር የዘሀራ ባል፣ ከባሏ ጋር ሁለት አክስቶቿ ከአቦምሳ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሁለተኛ መኪና። ዘሀራ ሻንጣዋን እየገፋች እየሳቀች መጣችና፣ አክስቶቿን ስታይ ቀስ አለች። ሁሉም ስመዋት ደህና ገባሽ አሏት። ማሌዥያ እንዴት ነበር ያላት ሰው የለም። መኪና ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ደጋፊዋ እንድሆን ተወስኗልና። ቢሾፍቱን አለፍን። ሞጆ ጋ ስንደርስ ቢጫውን ሻርፕ ከራሷ ላይ አወረደች፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከአክስቷ ትከሻ ላይ ጥቁሩን ወስዳ አደረገች። ከንፈሯንም በመዳፏ ጠረገች። ወደ እኔ አልዞረችም። አዳማ ስንገባ አስቀድማ ያወቀችውን መርዶ አረዷት።

የለቅሶውን ሰባት ቀን ሳህን አጥቤ፣ ውሃ አመላልሼ አሳለፍኩት። ሥራ ላይ ስሆን ፊቴ አይታይም። ዘሀራ አንድ ጊዜ እንኳ አላናገረችኝም። ለቀስተኛው ሲቀንስ ግን አስጠራችኝ። ራሷ ከምትሸጠው ፍራሽ አንዱ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥቁሩ ቆብ ጉልበቷ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሲቀበር የት ነበርኩ?» አለችኝ።

«ፎቆቹ ሥር።»

«ምን አደርግ ነበር?»

«ትስቂ ነበር። ያሳቅሁሽ እኔ ነኝ።»

ቆቡን በእጇ ስታሽከረክር ቆየች። ማርያምን ብዬ የማልኩትን የምታነሳው መስሎኝ ነበር። አላነሳችውም። ስለ ሐሙሱ ዱዓ ነገርኳት፤ ሴቶቹ ለማን እንደተሰበሰቡ፣ ማቺክ ምን ብለው እንደጠየቁኝ፣ የአባቷን ስም ለምን እንደተቀበሉኝ። የበሶውንም ቆርቆሮ አጠገቧ አስቀመጥኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሚን ያልኩት ለእሱ ነበር?»

«ለእሳቸው ነበር።»

«አንቺስ አሚን ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

ፍራሹ ላይ ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ። ትከሻችን ተነካካ፣ ግን ገና አላየችኝም። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቀን በቀን፣ ምንም ሳልዘል እንድነግራት ፈለገች፤ በሄድንበት ሁሉ እሱ ያኔ በሕይወት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለይታ ማወቅ አለባት። ከቦሌ ልጀምር ስል አስቆመችኝ።

«ከመናኸሪያው ጀምሪ። ባጃጅ ስጠራ እጅሽን ይዞ የሆነ ነገር ሲልሽ አይቻለሁ። ምን ነበር ያለሽ?»

«ከነሳቋ መልሺልኝ» ብለውኝ እንደነበር ነገርኳት።